የቡናዬ አበባ በሦስት ዙር ወጥቶ ገሚሱ ደረቀ፤ ዝርያውን ልቀይር?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጅማ ዞን፣ ማና ወረዳ፣ ግማሽ ሄክታር ላይ 74110 የተባለው ቡና አለኝ። ዘንድሮ በጥር መጨረሻ ካፊያ ጣለ፤ ከሳምንት በኋላ እምቡጡ ተከፈተ፣ ግን ብዙው ሳይነጣ እንደ ትንሽ አረንጓዴ ኮከብ ሆኖ ደረቀ። ከዚያ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ሁለት ጊዜ አበበ። ጎረቤቴ ደግሞ ከገና ጀምሮ በየሳምንቱ በፓምፕ ሲያጠጣ ቆይቶ ከእኔም ያነሰ አበባ አገኘ። ጂኑ ተበላሽቷል፣ ነቅለህ ሌላ ዝርያ ትከል የሚሉኝ አሉ። እውነት አበባን የሚወስነው ጂን ከሆነ ልቀይር?»

አይንቀሉት። አበባ በጂን መታዘዙ እውነት ነው፤ እርስዎ ያዩት ግን ጤነኛ ጂን ውሃ ያለ ሰዓቱና ያለ መጠኑ ሲደርሰው የሚያደርገውን ነው። የጎረቤትዎም ችግር ከዚሁ ይመጣል፦ የእርስዎ ዛፍ ጥቂት ውሃ ቀድሞ ደረሰው፣ የእሳቸው ደግሞ ጭራሽ አልተጠማም።

ከዝርያው ልጀምር። በ74110 ስም ላይ ያለው 74 የተመረጠበትን ዓመት ነው የሚያሳየው፣ 1974 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ)። የቡና ፍሬ በሽታ፣ ሲቢዲ የሚባለው፣ በአገራችን መጀመሪያ የታየው በ1971 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን መርጦ እነዚህን ቁጥሮች አወጣ። ምርጫው ለበሽታ ነበር። ድርቅና ዝናብ ሲፈራረቁ እምቡጥ እንዴት እንደሚከፈት አንዱን ቁጥር ከሌላው የሚለይ መስፈርት አልነበረም። ስለዚህ 74110ን ነቅለው 74112 ቢተክሉ ሦስትና አራት ዓመት ምርት አጥተው ያንኑ አበባ ያያሉ።

«ተበላሸ» የሚለውም አያስኬድም። አረቢካ ከሁለት የተለያዩ የቡና ዓይነቶች፣ ከካኔፎራ (ሮቡስታ የምንለው) እና ከዩጂኒዮይደስ፣ ድቅል የተገኘ ነው። 44 ክሮሞዞም አለው፤ የእያንዳንዱ ጂን ቅጂ ከሁለቱም ወገን ስለሚገኝ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ብዙ ጊዜ ይሸፍነዋል። በዚያ ላይ አረቢካ 90 በመቶ ያህሉ በራሱ ብናኝ ስለሚዳቀል ከዘር የበቀለ ችግኝ ከእናቱ ብዙም አይርቅም። የእውነት የተለወጠ የአበባ ጂን ያላቸው ቡናዎች አሉ፣ ግን ምልክታቸው ሌላ ነው። ሴምፐርፍሎረንስ የተባለው ብራዚል ውስጥ የተገኘ ቡና ዓመቱን ሙሉ ያብባል፣ ወቅት አያውቅም። ካሊካንቴማ የተባለው ደግሞ ከነጩ አበባ ውጭ ሌላ ነጭ አበባ የደረበ ይመስላል። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ዛፍ ላይ በየዓመቱ ይደጋገማል፣ ጎኑ ያለው ዛፍ ግን ደህና ነው። ማሳው በሙሉ በአንድ ሳምንት ኮከብ ካወጣ ምክንያቱን ከሰማይና ከአፈር ይፈልጉ።

አሁን ወደ ዛፉ ውስጥ እንግባ። መቼ ምን መደረግ እንዳለበት የሚገባው ከዚህ ነው።

የዘንድሮ አበባ የተወሰነው ዝናቡ ሲጥል አይደለም። ቀደም ብሎ ከመስከረም እስከ ህዳር፣ ዝናቡ ሲቀንስና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ በየአንጓው ብብት ያለው ትንሽ ዓይን «ቅርንጫፍ ልሁን ወይስ አበባ» የሚለውን ወስኗል። ትእዛዙ የሚመጣው ከቅጠል ነው። ኤፍቲ የተባለ ጂን በቅጠሉ ውስጥ ሲበራ ትንሽ ፕሮቲን ይሠራል፤ ፕሮቲኑ ምግብ በሚያመላልሰው ቧንቧ ተጉዞ ዓይኑ ጋ ይደርስና የአበባ ጂኖችን ያስነሳል። የሶቪየቱ ተመራማሪ ሚካኤል ቻይላክያን በ1930ዎቹ ፍሎሪጀን ብሎ የሰየመው መልእክተኛ ይህ ነው፤ ፕሮቲኑ ራሱ መሆኑ የታወቀው በ2007 ገደማ ነው። ከብራዚል መጻሕፍት የተቀዳ ምክር ብዙ ጊዜ የቀን ማጠርን ያነሳል፣ ቡና ቀኑ ከ13 ሰዓት ሲያንስ እምቡጥ ይይዛል ይላል። ጅማ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ላይ ስለሆነች ቀኗ መቼም 13 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ወቅቱን የሚለየው በዋናነት ዝናብና ሙቀት ነው፤ በዛፉ ውስጥ ደግሞ የፍሬ ጭነትና የቅጠል ጤና።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። ያ መልእክት የሚሠራው በቅጠል ውስጥ ስለሆነ በመስከረምና በጥቅምት ቅጠሉን ያራገፈ ቅርንጫፍ፣ በዝገት በሽታም ሆነ በጭነት ብዛት፣ በቀጣዩ የአበባ ወቅት ባዶ አንጓ ይበዛዋል። አበባ የሚያወጣው ደግሞ ባለፈው ዓመት ያደገው እንጨት ነው፤ አንድ ጊዜ በደንብ ያፈራ አንጓ ዳግመኛ እምብዛም አያፈራም።

ዓይኑ አበባ ለመሆን ከወሰነ በኋላ አካሉን የሚያወጡ ጂኖች ተራ ይይዛሉ። ተመራማሪዎቹ ኤንሪኮ ኮኤን እና ኤሊዮት ሜየሮዊትዝ በ1991 ያቀረቡት ሥርዓት ኤቢሲ ይባላል። የተነሳው አራቢዶፕሲስ ከተባለች የጎመን ዘመድ አረምና ከአንድ የጓሮ አበባ ነው፤ ሥርዓቱ ግን በብዙ አበባዎች ይሠራል፣ የእነዚህ ጂኖች ዘመዶች ቡና ውስጥም አሉ። እንዲህ ነው፦ «ኤ» የተባሉት ጂኖች ብቻቸውን ሲሠሩ የውጭውን አረንጓዴ ክፈፍ ያወጣሉ፤ «ኤ» እና «ቢ» አብረው ነጩን የአበባ ቅጠል፤ «ቢ» እና «ሲ» ወንዴውን፤ «ሲ» ብቻውን ሴቴውን። ከላይ ያነሳሁት ካሊካንቴማ የሚገባን አሁን ነው፦ ክፈፉ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ የአበባ ቅጠል ወጥቶበታል፣ ማለትም የአንዱ ረድፍ ትእዛዝ ወደ ሌላው ረድፍ ገብቷል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በጥር ወር 5 ሚሊ ሜትር የሆነ አረንጓዴ እምቡጥ ይቅጠፉ። በአዲስ ምላጭ መሃሉን አግድም ይቁረጡትና አሥር እጥፍ በሚያጎላ የእጅ መነጽር ይዩት። ዳር ዳሩን አምስት ተጠቅልለው የተደራረቡ የአበባ ቅጠሎች፣ በመካከላቸው አምስት ወንዴዎች ያገኛሉ። ወደ እግሩ ወረድ ብለው ደግመው ቢቆርጡት ሁለት ክፍል ያለው ክብ ነገር ይታያል፤ ሁለቱ የቡና ፍሬዎች የሚቀመጡበት ነው። ዝናብ ገና ሳይጥል አበባው ተሠርቶ አልቋል ማለት ነው። የቀረው ብናኙ መብሰልና መከፈት ብቻ ነው። ስለዚህ በየካቲት የሚደረግ ምንም ነገር የአበባውን ብዛት አይጨምርም፤ የሚያደርገው ያለውን ማዳን ወይም ማባከን ነው።

እዚህ 4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ላይ እምቡጡ ይቆማል። ይህ እንቅልፍ ነው፣ የጥያቄዎም ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። አብሲሲክ አሲድ የተባለው የድርቅ ሆርሞን በእምቡጡ ውስጥ ይይዘዋል። አፈሩ እየደረቀ፣ በእንጨቱ ውስጥ ያለው የውሃ ገመድ እየተወጠረ ሲሄድ እምቡጡ ቀስ በቀስ ዝናብን «ለመስማት» ይዘጋጃል። ብዙ ሰው የማይቀበለው ነገር ይህ ነው፦ ቡና ካልተጠማ በዝናብ አይነቃም። ሁልጊዜ እርጥብ አፈር ላይ ያለ ዛፍ እምቡጡ 5 ሚሊ ሜትር ላይ እንደተኛ ይከርማል፣ ወይም እዚህም እዚያም አንድ አንድ ያወጣል። ጎረቤትዎ በየሳምንቱ በማጠጣት ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ለዛፉ አዝነው የሚነቃበትን ደወል አጠፉት።

በቂ የተጠማ እምቡጥ ላይ በቂ ዝናብ ሲወርድ ውጥረቱ በድንገት ይላላል፣ አብሲሲክ አሲድ ይወርዳል፣ ጂብሬሊን የተባለው የዕድገት ሆርሞን ይወጣል፣ ኤትሊን የተባለው ሌላ ሆርሞንም ድርሻ አለው። ከ8 እስከ 12 ቀን ውስጥ እምቡጡ ከ1 ሴንቲ ሜትር አልፎ ይነጣል፣ ጠዋት ይከፈታል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይጠወልጋል። በእነዚያ ቀናት ብናኙ ስለሚበስል ሙቀትን በጣም የሚፈራው በዚህ ጊዜ ነው።

የእርስዎ ኮከቦች ታሪክ ይህ ነው። ካፊያው የላይኛውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር አርሶ ቀረ። ውጥረቱ ትንሽ ላላ፣ ደወሉ ተደወለ፣ እምቡጡ ተነሳ፤ ግን ለመወጠርና ለመለጠጥ የሚያስፈልገው ውሃ ከሥር አልመጣም። በዚያ ላይ የጥር መጨረሻና የየካቲት ቀትር ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ አበባው ሳይሞላ በግድ ይከፈታል። ኮከቡን በጣትዎ ቢነኩት ደረቅና ጠንካራ ነው፣ ቅጠሎቹ አጫጭር፣ መዓዛ የለውም፤ ፍሬም አይዝም።

ዛፉ በዚህ ጊዜ ምን እያደረገ ነበር? ሥር ድርቅ ሲሰማው አብሲሲክ አሲድ ይበዛል። ሆርሞኑ በሴሉ ውስጥ ካለ ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ፣ የድርቁን ትእዛዝ አፍኖ ይዞ የነበረ ሌላ ፕሮቲን ይለቃል፤ ያኔ የቅጠሉ ትንንሽ አየር ቀዳዳዎች ይዘጋሉ። ጎን ለጎን ዲአርኢቢ የሚባለው ቤተሰብ ጂኖች ይነሱና ሌሎች ጂኖችን ይቀሰቅሳሉ፦ ሴሉ ሲደርቅ ፕሮቲኖቹን የሚጠብቁ፣ ስኳሮችን የሚያከማቹ። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ የሙቀት ጠባቂ ፕሮቲኖች ይታዘዛሉ። ይህ ሁሉ ወጪ አለው። ቀዳዳው ሲዘጋ ቅጠሉ ምግብ አያዘጋጅም፤ የተጠራቀመው ስኳር ለመከላከያ ይውላል፣ ለአበባው የሚቀርለት ያንሳል። ለዚህ ነው ድርቅ ልክ ሲኖረው አበባን የሚያስተባብር፣ ልኩን ሲያልፍ የሚያጠፋ።

ልኩን በምን ያውቁታል? ቅጠሉን ይዩ። በቀትር፣ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ድረስ፣ ጠውልጎ ዝቅ ካለና በነጋታው ማለዳ ቀጥ ካለ ጥማቱ የሚፈለገው ነው። ማለዳም እንደጠወለገ ካደረ፣ ወይም ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ መርገፍ ከጀመረ አልፏል፤ የእምቡጡን ነገር ትተው ዛፉን ያጠጡ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ቡና ላይ ጥማት አይሞከርም።

መስኖ ካለዎት ወይም ከጎረቤትዎ ፓምፕ መጠቀም ከቻሉ ለሚቀጥለው ዓመት እንዲህ ያድርጉ። ከታህሳስ መጀመሪያ ጀምሮ ምንም አያጠጡ። ከማሳው ዳርም ከመሃልም አሥር ዛፍ ይምረጡ፣ በእያንዳንዱ ላይ በአራቱ አቅጣጫ አንድ አንድ ቅርንጫፍ በክር ያስሩ። በየአሥር ቀኑ በትንሽ ማስመሪያ የእምቡጦቹን ርዝመት ይለኩና ከ4 ሚሊ ሜትር በታች፣ ከ4 እስከ 6፣ ከ6 በላይ ብለው ይመዝግቡ። ከእምቡጦቹ ከአራት እጅ ሦስቱ 4 ሚሊ ሜትር ካለፈና ቅጠሉ የቀትር ጥውለጋ ካሳየ ሁለት ሳምንት ያህል ከሆነው፣ ያኔ ነው ውሃው የሚለቀቀው። ቀድሞ ከተለቀቀ ትንንሾቹ ወደኋላ ይቀሩና ሁለተኛ ዙር ይሆናሉ፤ ሦስት ዙር የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

መጠኑ ላይ ሰው ይሳሳታል። ማጠጣት ከተጀመረ አንድ ጊዜ፣ በደንብ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር ለመስጠት፣ ከግንዱ ዙሪያ አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ቦታ ላይ 45 ሊትር ያስፈልጋል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ጀሪካንና ሩብ። ቡናዎ በ2 በ2 ሜትር ከተተከለ ግማሽ ሄክታሩ ላይ 1,250 ዛፍ አለ፣ በጠቅላላ 56,000 ሊትር ያህል። በሰከንድ 3 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ ይህን ከአምስት ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ያደርሰዋል፤ ቱቦውን ከዛፍ ዛፍ ማዞር ሲጨመር አንድ ሁለት ቀን ሥራ ነው። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከሳምንት በኋላ ማድረግ ማሳውን ለሁለት ይከፍለዋል። በማግስቱ በአካፋ ቆፍረው ይዩ፦ እርጥበቱ የላይኛውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር አልፎ ወደ ሥሩ ካልወረደ አልበቃም። ከዚያ ከ15 እስከ 20 ቀን ዝናብ ካልመጣ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይድገሙት፤ ያን ጊዜ የያዘው ፍሬ ገና የክብሪት ራስ አያክልም፣ ሲጠማ ይረግፋል። በህንድ የሮቡስታ ገበሬዎች የአበባ ውሃና ተከታይ ውሃ ብለው የሚያደርጉት ይኸው ነው። ሁለተኛውን ውሃ ማድረስ የማይችል ሰው የመጀመሪያውን ባያደርግ ይሻለዋል፤ ዝናቡን ይጠብቅ።

መስኖ ከሌለ ካፊያን ማስቆም አይቻልም፣ ጉዳቱን ግን መቀነስ ይቻላል። አንደኛው ጉዝጓዝ ነው፤ በህዳር፣ አፈሩ ገና እርጥበት ሳለ፣ ደረቅ ሣር ወይም የእንሰትና የሙዝ ቅጠል 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ከግንዱ አንድ ጋት ያህል አርቆ። አፈሩ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ካፊያ ሲመጣ ከሥር የሚደግፍ ውሃ ይኖራል። ሁለተኛው ጥላ ነው። ዋንዛ፣ ሰሳ ወይም ብርብራ ካለዎት በጥር ቅርንጫፉን እንዳይቆርጡ። ብዙ ሰው ሥራ በሚቀልበት በበጋ ጥላውን ይመለምላል፤ እምቡጡ በጣም በሚቃጠልበት ሳምንት ጣራውን ማንሳት ነው። ምልመላው ክረምቱ ሲገባ ይሁን። ጥላ ሲበዛ ደግሞ በአንጓ የሚያዘው እምቡጥ ይቀንሳል፤ በቀትር መሬቱ ላይ ከሦስት እጅ አንዱ ጥላ ሁለቱ ብርሃን ቢሆን ለእኛ አካባቢ ጥሩ ሚዛን ይመስለኛል።

ዝናቡንም ይለኩ። ጎኑ ቀጥ ያለ የዘይት ወይም የወተት ቆርቆሮ ገላጣ ቦታ ላይ አስቀምጠው በማግስቱ ጠዋት በማስመሪያ መለካት ይበቃል። ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ቀኑን ይጻፉና ዘጠኝ አሥር ቀን ይቁጠሩ። ከ5 በታች ሆኖ ሙቀቱ ከበረታ ኮከብ ይጠብቁ፤ ጉዝጓዝ የሌለበት ወገን ላይ ብዙ፣ ያለበት ላይ ጥቂት ካዩ መልሱን ከራስዎ ማሳ አገኙት።

አንዳንዱ ነጋዴ የሚረጭ ሆርሞን ይዞ ይመጣል። ጂብሬሊን ከ4 ሚሊ ሜትር የበለጠውን እምቡጥ ከእንቅልፍ እንደሚያነቃ በሙከራ ታይቷል። እኔ ግን አልመክርዎትም። መድኃኒቱ ደወሉን ይደውላል እንጂ ውሃ አያመጣም፤ ካፊያው ያደረገብዎትን በገንዘብዎ መድገም ይሆናል።

ስለ ዘንድሮ ዛፍ ደግሞ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በአንድ ብብት ውስጥ አራትና አምስት ዓይን ተደራርቦ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱም እስከ አራት አበባ ሊይዝ ይችላል። ኮከቡ የወሰደው ቀድሞ የደረሰውን ነው፣ ቀሪው ነው በየካቲትና በመጋቢት ያበበልዎት። ፍሬው ካነሰ ደግሞ ዛፉ ጉልበቱን ወደ አዲስ ቅርንጫፍ ያዞራል። በዚህ ክረምት የሚያድገው እንጨት የመጪው ዓመት አበባ ተሸካሚ ነው፤ «አላፈራም» ብለው በንዴት አይጎንድሉት። ገረዛ ካደረጉ ደረቁንና ወደ ውስጥ የገባውን ብቻ ያውጡ። በመጪው ዓመት ፍሬ ሊበዛበት ስለሚችል ኮምፖስቱን ዝናቡ እንደጸና ይስጡት።

ሦስት ዙር ማበቡ አሁን የሚያስከትለው ሥራ አለ። ሲቢዲ በብዛት የሚያጠቃው ካበበ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያለውን፣ እየሰፋ የሚሄደውን አረንጓዴ ፍሬ ነው። 74110 የሚቋቋም ቢሆንም ሌላ ቡና ከተቀላቀለበት የሚጋለጥበት ጊዜ ከየካቲት አበባ ተነስቶ እስከ መጋቢቱ ዙር 14ኛ ሳምንት፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ፣ ይረዝማል፤ ጥቁር ነጥብ መፈለግዎን በግንቦት አያቁሙ። አሁኑኑ ደግሞ የየዙሩን ቅርንጫፎች በተለያየ ቀለም ክር ያስሩ፦ የጥር ወሩን በቀይ፣ የየካቲቱን በነጭ፣ የመጋቢቱን በሰማያዊ። በመከር ጊዜ ነጩ ክር ያለበት ሲቀላ ሰማያዊው ገና አረንጓዴ ይሆናል፤ ሁሉን በአንድ ቀን ካራገፉት ጥሬው ከበሰለው ጋር ተደባልቆ ዋጋውን ይጥለዋል። በየሁለት ሳምንቱ ቀይ እሸቱን ብቻ እየለዩ ሦስት አራት ጊዜ ይልቀሙ።